በኮምፒውተር ያረጀ ዘር

እናንተዬ፣ ሶፍትዌር አገናኝ የሚባል ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? ሥራው የማይነጋገሩ ፕሮግራሞችን ማነጋገር ነው። እሱ ራሱ ግን ሰው አያነጋግርም፤ ቢሞት!

አንዱ ወደ እኛው ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ገበሬዎች ዩኒየን መጣ። የመጋዘኑን ፕሮግራም ከጭነት ክፍሉ ሊያገናኝ ሦስት ወር አቀርቅሮ ጻፈ፤ ሸረሪት ከጆሮው እስከ ስክሪኑ ድር አድርታ ነበር። መጋዘኑ ቀን የሚመዘግበው በእኛ አቆጣጠር፣ ጭነት ክፍሉ በፈረንጅ መሆኑን ማን ይንገረው? አልጠየቀማ! ቀኑን እንዳለ አሻገረው።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ጋሼ አያሌው ከይጁቤ፣ መጋዘኑ ያስቀመጡትን የስንዴ ዘር ሊያስጭኑ መጡ። ኮምፒውተሩ፣ «ዘሩ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ አይጫንም» አለ።

«ኧረ ልጄ፣ ታኅሣሥ ላይ ያጨድሁት እኔው ነኝ!»

«አባባ፣ ሲስተም አይሳሳትም» አለ አገናኙ፣ ቀና ሳይል።

«ስንዴውን በአንድ ጀንበር እንዲህ ካስረጀው፣ እኔ ብገባበት በቃሬዛ ነው የምወጣ! መሬቴ ጦም ሊያድር ነው እኮ!»

ይህን የሰማችው የመጋዘን ኃላፊ በመስኮት ብቅ አለችና ፊት ለፊት ላለው የጭነት ኃላፊ፣ «አንተ! ዘሩ የዘንድሮ ነው፤ ጫን!» ብላ ጮኸች።

«እሺ!» አለ።

መኪናው ወደ ይጁቤ ሲወጣ፣ አገናኙ ሪፖርቱን ይጽፍ ነበር፦ «ሁለቱ ክፍሎች ያለ እንከን መነጋገር ጀምረዋል።»