ጀማሪ መባልን የፈራ ሰው

እኛ በምንኖርበት አካባቢ፣ ማለቴ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው የሌለው ቤተሰብ አንድ ነገር እንደጎደለው ይቆጠራል። ስለዚህ ሁሉም አንድ አለው። የራሱ ልጅ ካልሆነ የእህቱን ልጅ፣ እሷም ካልሆነች የሚስቱን የአክስት ልጅ ተውሶም ቢሆን “እኛም ቤት አለ” ይላል። እኔ ግን መዋስ አላስፈለገኝም። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ሰሚራ አለችኝ። ትምህርት ቤቷ ውስጥ የፕሮግራሚንግ ክፍል ገባች የተባለ ሰሞን፣ በየሠርጉና በየልቅሶው እየዞርኩ ኢንጂነር አድርጌ አስመርቄያታለሁ። አሁን ይህን ስነግራችሁ እየኮራሁ አይምሰላችሁ።

ሥራዬ ሹፍርና ነው። ፓሎ አልቶ የሚገኝ የአንድ ሆስፒታል ሠራተኞችን ከባቡር ጣቢያ አመላልሳለሁ። ዘንድሮ ወገቤ አስቸገረኝ፤ ሐኪሙም መሪው ላይ ብዙ እንደማልቆይ ሳይደብቅ ነገረኝ። አለቃዬ ደግ ሰው ነውና፣ የመኪኖቹን ስምሪት በኮምፒውተር በሚመራው ክፍል ቦታ ሊከፈት እንደሆነ፣ የጀማሪ ፕሮግራሚንግ ሰርተፊኬት ይዞ ያመለከተ ሰው እንደሚታይለት አጫወተኝ። ከዚያ በኋላ በየምልልሱ መሃል መኪናዬን አቁሜ በስልኬ መማር ጀመርኩ። ወደድኩትም። ኮምፒውተር ከተሳፋሪ የሚሻለው የነገሩትን ብቻ ማድረጉ ነው። የሚብሰውም የነገሩትን ብቻ ማድረጉ ነው።

ችግሩ የመጣው ፈተና ስመርጥ ነው። ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው “ለጀማሪ” ይላል፤ ሁለተኛው ከሱ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። የሁለተኛውን የሙከራ ጥያቄዎች ከፍቼ አየሁ፤ መልሱ ቀርቶ ጥያቄውም አልገባኝም። ልቦና ያለው ሰው እዚያው ላይ ይወስን ነበር። የኔ ጣት ግን ተመልሶ ተመልሶ እዚያው ሁለተኛው ላይ ይሄዳል። ይሄን ሁሉ ሽበት ተሸክሜ፣ እዚህ አገር ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ ጀማሪ የሚል ወረቀት ልይዝ ነው? እናንተስ ብትሆኑ ደስ ይላችኋል?

ቤት ውስጥ ባለሙያ እያለችኝ መጠየቅ ነበረብኝ። ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ “አጥኚ” ስላት የኖርኩ አባት፣ ዞሬ “ቀላሉ የትኛው ነው?” ልላት አፈርኩ። ስለዚህ ጁምዓ ላይ የማገኘውን፣ ሳኒቬል የሚሠራ አንድ ኢንጂነር ጠየቅኩ። “ለአንድ ዘመዴ ነው” አልኩት።

“ዘመድህ ምን ያህል ያውቃል?”

“ደህና አድርጎ።”

“እንግዲያው ሁለተኛውን ይውሰድ፤ በመጀመሪያው ጊዜውን አያጥፋ” አለኝ።

አያችሁ፣ ለውሸቴ ትክክለኛ መልስ አገኘሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳን ሊያንድሮ እቤቴ፣ ወጥ ቤት ተቀምጬ ሁለተኛውን ሪጅስተር ላደርግ ስል ሰሚራ ውኃ ልትጠጣ ገባች። ስልኬን ገለበጥኩት።

“አባ፣ ምን ደበቅክ?”

መደበቁ ከመጠየቁ የባሰ አሳፈረኝና ስልኩን ሰጠኋት። “ፈተና ልፈተን ነው። የትኛው ይሻለኛል?” አልኳት።

አየችው። ፊቷ ተለወጠ። በኔ ያፈረች መሰለኝ።

“አባ፣ ሲርየስሊ፣ እኔን አትጠይቀኝ።”

“ለምን?”

“የመጀመሪያውን ተፈትኜ ወድቄያለሁ። ክላሱንም ድሮፕ አድርጌ ትቼዋለሁ።”

“ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?”

“ለሰው ሁሉ ኢንጂነር ናት እያልክ እንዴት ልንገርህ?”

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ለካ ሰው በተሰበሰበበት “ኢንጂነሯ መጣች” ሲሏት አንገቷን የምትደፋው ለዚህ ኖሯል። እኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር። በትሕትናዋም ጭምር ሰው ፊት ጉራዬን ነዝቼበታለሁ።

እሷ ግን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። “የመጀመሪያውን ውሰድ” አለችኝ። “እኔን የጣለኝ ሉፕ የሚባለው ነው፤ አንዱን ትእዛዝ እስኪበቃ ድረስ የምታስደጋግምበት። እሱን ደህና አድርገህ እይ።”

አየሁት። ሳን ሆዜ ሄጄ ተፈተንኩ፤ እሷም መኪና ውስጥ ሆና ጠበቀችኝ። አልፌ ስወጣ ግን ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ልጄ በወደቀችበት ነገር እሷው ፊት እንዴት ይፈነደቃል? እንደ ወደቀ ሰው አቀርቅሬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና “ፈገግ በል እንጂ” ብላ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። የዒድ ዕለት ኦክላንድ አዳራሽ ውስጥ ከሰሚራ ጋር ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጋሽ ኢድሪስ መጡ። ጋሽ ኢድሪስ አዲስ አበባ ያደጉ ኤርትራዊ ናቸው፤ እዚያው ኦክላንድ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ የኔንም ጉራ ከማንም በላይ የሰሙት እሳቸው ናቸው። ከኛ ቤት አንድ ሰው ፈተና ማለፉን ባለቤቴ ለአንዷ ነግራ፣ አንዷም ለሌላዋ ነግራ፣ እሳቸው ጋ ሲደርስ ያለፈው ሰው ተለውጧል።

“ሰይድ፣ ሰሚራ ፈተናውን አለፈች አሉ፤ ማሻ አላህ” አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። አይደለም ልል ነበር። የወጣው ግን “አሜን” ነው።

ሰሚራ አጠገቤ ሆና ሰምታዋለችና ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

“ጋሽ ኢድሪስ፣ እኔ ወድቄያለሁ” አለች ሰሚራ፣ ሰዓት እንደጠየቋት ያህል ረጋ ብላ። “ያለፈው አባቴ ነው።”

ጋሽ ኢድሪስ እኔን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ወንበራቸውን ሳቡና ተጠጉ። ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ እሷ። ግራ ቀኝ ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ልጄ፣ ለሰው እንዳትነግሪብኝ። እኔም ሱቅ ውስጥ ገበያ ሲቀዘቅዝ ይሄንኑ ፕሮግራሚንግ እየሞካከርኩ ነው። የቱ ላይ ነው የጣለሽ?”

“ሉፕ ላይ” አለቻቸው።

“እኔንም እኮ እሱ ነው ፍዳዬን የሚያሳየኝ” አሉ፤ ፊታቸው በራ። ስልካቸውንም አውጥተው ሰጧት፤ ሁለቱ አንገታቸውን ገጥመው ቀሩ።

ያለፍኩት እኔ እዚያው አጠገባቸው ነበርኩ። አንድም ነገር የጠየቀኝ የለም።