ሰባት በር ያለው እስር ቤት

[ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ። በእትዬ ሸዋዬ ግቢ ገድሉ የተከራያት ክፍል። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ገድሉ ኪስ ውስጥ ነው። የአጎቱ ልጅ አለበል ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል።]

አለበል፦ ገዴ፣ በእመብርሃን ክፈትልኝ! መኪናው በስምንት ሰዓት ይነሣል። ነገ ለየብርጓል ቤተሰብ ሽማግሌ የምልክበት ቀን ነው። ቆላ ድባ ካልደረስሁ ማን ይሰበስባቸዋል?

ገድሉ፦ ቀስ በል! እትዬ ሸዋዬ ይሰሙሃል። ሮብ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ጩኸት አይወዱም። የኮምፒውተር ጌም ውድድሩ ነገ ነው፣ የሠራሁትን ጌም የሚሞክርልኝ ሰው የለኝም። ጌሙ ውስጥ ካለው እስር ቤት ካመለጥህ ትሄዳለህ።

አለበል፦ እስረኛው እኔ ነኝ?

ገድሉ፦ ጀግናው ነው! አንተ ታንቀሳቅሰዋለህ። ጣና መሃል፣ ደሴት ላይ፤ ሰባት በር፣ አርባ ዘበኛ፣ እሳት የሚተፋ ዘንዶ።

አለበል፦ ምን አጥፍቶ ነው?

ገድሉ፦ ምንም።

አለበል፦ ስንት ዓመት ፈረዱበት?

ገድሉ፦ አልተፈረደበትም።

አለበል፦ አሃ! እንዲህ በለኝ እንጂ፣ ይሄንማ አውቀዋለሁ። ዋስ የት ነው የሚጠራው?

ገድሉ፦ ዋስ የለም! ምናባዊ ዓለም ነው እኮ!

አለበል፦ ዘመድ የለውም በለኛ። አይ ምስኪን!

ገድሉ፦ አንተን ብሎ ሞካሪ! ከዚህ የሚወጣ ሰው ገና አልተወለደም።

[አለበል በአንድ ጣቱ ይነካካል።]

አለበል፦ ወጣሁ።

ገድሉ፦ የት?

አለበል፦ ደጅ። ጣና ዳር ቆሜአለሁ፤ ታንኳ ፈልግልኝ።

ገድሉ፦ [ዘሎ ይነሣል] ሰባቱን በር?!

አለበል፦ ዳቦ ሰጡኝ። ዘበኛው ቆሞ እያየኝ ብቻዬን ልዋጥ? «እንብላ» የሚለውን ነካሁት።

ገድሉ፦ እሱ ለገበያው ክፍል ነው! የውድድሩ ዳኞች ባህል ይወዳሉ ብዬ ጌሙ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ሰጠሁት። ግን ዘበኛው እምቢ ይላል እኮ!

አለበል፦ ሁለቴ «ብላ፣ ይባረክ» አለኝ። በሦስተኛው «በሞቴ» አልሁት። ጦሩን አስደግፎ፣ ቁልፉን አስቀምጦ፣ ገብቶ ቁጭ አለ። ሌሎቹንም እሱው ጠራቸው።

ገድሉ፦ ዘንዶውስ?

አለበል፦ አጎረስሁት።

ገድሉ፦ [ራሱን ይይዛል] ጅሎች! እኔ ብሆን ቁልፌን በቁራሽ ዳቦ አልሰጥም!

አለበል፦ እሺ፣ አመለጥሁ። ክፈትልኛ።

ገድሉ፦ እነዚህን ጅሎች እስካስተካክል የትም አትሄድም! [ወደ ኮምፒውተሩ ይዞራል]

አለበል፦ [ስንቁን ይፈታል] እንግዲያ ልቅመስ። እንብላ።

ገድሉ፦ ብላ።

አለበል፦ ኧረ እንብላ!

ገድሉ፦ ሥራ ላይ ነኝ አልኩህ!

አለበል፦ እናቴ «ለገድሉ» ብላ የጋገረችውን ዳቦ? በሞቴ!

ገድሉ፦ ኤጭ! የምን ሞት አመጣህ? እሺ፣ አንድ ጉርሻ። እጄን ልታጠብ። [በሩን ከፍቶ ውኃ በጆግ ያስገባል፤ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶታል]

አለበል፦ ታላቄ ነህ፣ ላስታጥብህ። ሳሙና ጨምር። ፊትህንም ታጠብ፤ ዓይንህ ቀልቷል እኮ።

ገድሉ፦ [አረፋ በአረፋ ሆኖ] ተባረክ። ዋናው ነገር አለበል፣ ዘበኛ ዓይኑን ከቁልፉ መንቀል የለበትም። አፍስስ! አፍስስ እንጂ... አለበል?

[በሩ ከውጭ ይቆለፋል።]

ገድሉ፦ ዓይኔን አቃጠለኝ! ክፈት!

አለበል፦ [ከውጭ] ጆጉ እግርህ ሥር ነው፣ ዳቦው ጠረጴዛው ላይ። ቁልፉን ለእትዬ ሸዋዬ እሰጣቸዋለሁ።

ገድሉ፦ ምን ብዬ ላስከፍታቸው?

አለበል፦ «እንብላ» በላቸዋ! [እየራቀ] ኧረ ለካ ሮብ ነው! እስከ ዘጠኝ ሰዓት «በሞቴ» ብትላቸውም አይገቡልህም። ገዴ፣ ለእስር ቤትህ ጾመኛ ዘበኛ ቅጠር!