የሶፍቱ ሕግ

[የክሊኒኩ ሁለት ሐኪሞች ወንድምና እህት ናቸው፤ ክፍሎቻቸውን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ታላቅ ማስረዳት ነፍሱ ነው። ታናሽ ቀስ ብላ ስለምታወራ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ “እሷ ቶሎ አይገባትም” እያለ ያማታል። አሁን ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ እሷ በሩ ላይ ቆማለች።]

ታላቅ: ሶፍቴን የት አደረግሽው ነው የምልሽ!

ታናሽ: ወሰድኩት። ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው?

ታላቅ: [ብድግ ብሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አዲሱን የእጅ ሰዓቱን እያሳየ] ለአምስት ሩብ ጉዳይ። ወሰድኩት ትለኛለች እንዴ! የሥራ መሣሪያዬ እኮ ነው። የልብ ማዳመጫዬን ብትወስጂ ይሻለኝ ነበር።

ታናሽ: ሶፍት?

ታላቅ: አዎ፣ ሶፍት! ቁጭ በይ ላስረዳሽ።

ታናሽ: ቆሜም ይገባኛል።

ታላቅ: እንግዲህ ቆመሽም ተቀምጠሽም ያው ነው። አየሽ፣ ጨነቀኝ፣ ደበረኝ ያለውን ሁሉ ለአእምሮ ሐኪም ብንልክ ወረፋው መንገድ ይዘጋል። ማንንም ባንልክ ደግሞ እኛው እንጠየቃለን። ስለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል! ሰውየው ችግሩን ሲነግረኝ ሶፍቱን ፊቱ አስቀምጣለሁ። አንድ ከመዘዘ፣ “አይዞህ፣ እረፍት አድርግ።” ሁለት ከመዘዘ፣ መድኃኒትና ቀጠሮ። ሦስት ከመዘዘ፣ ሪፈር! እንዴት ያምራል?

ታናሽ: ጉንፋን የያዘውስ?

ታላቅ: ምን አልሽ?

ታናሽ: ያ የላክኸው ግንበኛ። የአእምሮ ሐኪሙ “አፍንጫውን እዩለት” ብሎ መልሶታል።

ታላቅ: [ጉሮሮውን ጠርጎ] በሳይንስ ስህተት ያጋጥማል።

ታናሽ: ለደም ግፊቷ የመጣችው ልብስ ሰፊስ?

ታላቅ: እሷማ አራት መዘዘች! ሳላቅማማ ነው የላክኋት።

ታናሽ: ባሏን በቀበረች ማግስት እኮ ነው። ታዲያ አታልቅስ ነው?

ታላቅ: ታልቅስ! እኔ መቼ ከለከልኳት? ሕግ ግን ሕግ ነው።

ታናሽ: ዛሬ ጠዋት አንተ ጋ የገባው አናጺስ?

ታላቅ: ሳቂታው? [ፊቱ በራ] ዜሮ! አንድም አልመዘዘም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እህል አስጠላኝ ብሎ መጣ፤ ግን በራሱ ላይ እንዴት እንደሚቀልድ! ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ቫይታሚን ጽፌ ሸኘሁት። ሲወጣ ይሄን ሰዓት ከእጁ ፈትቶ አሰረልኝ።

ታናሽ: የራሱን?

ታላቅ: የአባቱ ማስታወሻ ነው። ሐኪም ሲጥም እንዲህ ይሸለማል። አንቺን ማን ሸልሞሽ ያውቃል?

ታናሽ: ለምን ሰጠህ?

ታላቅ: ቸር ነዋ! መጋዙንም መላጊያውንም ለጓደኛው አድሏል። ውሻውን ለጎረቤት።

ታናሽ: ሥራ ሊቀይር ነው?

ታላቅ: እኔ ምን አውቃለሁ!

ታናሽ: አገር ሊለቅ ነው?

ታላቅ: ኧረ አንቺ ልጅ አታድርቂኝ! “ከእንግዲህ ሰዓት ምን ያደርግልኛል” ነው ያለ...

[ዕድሜ ልኩን ለሰው ሲያስረዳ የኖረው ሰውዬ፣ የገዛ ንግግሩ መሐል ላይ ነገሩ ገባው።]

ታላቅ: ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! የመኪና ቁልፌን! ቤቱ የት ነው?

ታናሽ: ቆይ ጋሼ።

ታላቅ: ምን ቆይ ትይኛለሽ? ሰውየው ሊሞት እኮ ነው!

ታናሽ: እኔ ክፍል ነው ያለው።

[ታላቅ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።]

ታናሽ: ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። እዚህ በተመላለሰ ቁጥር ያ ሰዓት ከእጁ ተለይቶ አያውቅም፤ ዛሬ ቦታው ብቻ ነጥቶ ይታያል። አስገባሁትና “ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?” አልኩት።

ታላቅ: እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ሐሳቡን አንቺው ልትሰጪው?

ታናሽ: ሐሳቡስ ነበረው። ያጣው የሚጠይቀው ሰው ነው። ሚስቱን ጠርቻታለሁ፣ እጁን ይዛ ተቀምጣለች። የአእምሮ ሐኪሙም አሁኑኑ አምጡት ብሏል። የሚወስደው መኪና በአምስት ሰዓት ይደርሳል፤ ሰዓት የጠየቅኩህ ለዚያ ነው።

ታላቅ: ታዲያ ይሄን ሁሉ ስለፈልፍ ለምን አልነገርሽኝም?

ታናሽ: ላስረዳሽ አልከኛ! ደግሞ ለአንተ ያለውን ሁሉ መስማት ነበረብኝ፤ ለሐኪሙ የማደርሰው እኔ ነኝ። በል አሁን ሰዓቱን ፍታ። ገና ብዙ ቀጠሮ ስላለበት ያስፈልገዋል።

[ታላቅ ማሰሪያውን ለመፍታት ታገለ። እሷ ፈታችለት።]

ታላቅ: ሶፍቱንስ ምን አደረግሽው?

ታናሽ: ሳቂታው ጨረሰው። ገና ጥያቄውን እንደሰማ።

[የታላቅ ዓይን ሞላ። እጁ በልማድ ሶፍቱ ወደነበረበት ሄዶ ባዶ ጠረጴዛ ዳሰሰ።]

ታላቅ: ሌላ... ሌላ ፓኬት የለሽም?

ታናሽ: አለኝ። ሁለት ልምዘዝልህ። ሦስተኛውን ከጠየቅኸኝ ግን፣ ጋሼ፣ መኪናው ላይ አንድ ትርፍ ቦታ አለ።