አይጥ የበላው ገጽ

ሰውን ማንበብ አስተምሮ «ይህን ግን እንዳታነብ» ማለት፣ ጠላ አቅምሶ ጋኑን እንደ መክደን ነው። እናንተ እንዴት እንደምታዩት እንጃ፤ እኔ ይህን የተማርኩት በደርግ ዘመን፣ አምቦ ላይ፣ ከአንድ ዘበኛ ነው።

«ጴንጤ» የምንባለው ሰዎች ጸሎት ቤታችን ታሽጎ፣ መጽሐፍ ቅዱሶቻችን በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ቀበሌ ዕቃ ቤት ገብተው ነበር። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ከደንዲ ገጠር የመጡ፣ በስድሳ ዓመታቸው የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት የተቀበሉ። አዲስ አንባቢ ደግሞ ምሕረት የለውም። የሳሙና መጠቅለያ አነበቡ፤ የግድግዳ መፈክር አነበቡ፤ እሱ ሲያልቅባቸው ወደ ከረጢቱ ዞሩ።

እኔ ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው አንድ አመሻሽ ላይ ጠመንጃቸውን አንግተው በሬን ማንኳኳታቸውን ነው። ባለቤቴ ጋቢዬን አቀበለችኝ። እስር ቤት ይበርዳል።

ኦቦ ገመቹ ገብተው በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«መምህር፣ ዮሴፍን ታውቀዋለህ?»

የማውቃቸውን ዮሴፎች ሁሉ በልቤ ቆጠርኩ። «የትኛውን?»

«ወንድሞቹ የሸጡትን።»

«ኧረ ሰምቼም አላውቅ!» አልኩ። ዶሮ አልጮኸም እንጂ ጴጥሮስን ሆኜ ነበር።

ፊታቸው ጠወለገ። «አዬ! ወህኒ ከገባ በኋላ ያለውን ገጽ አይጥ በልቶታል፤ ሌሎቹንም መጻሕፍት አልማራቸውም። እንቅልፍ አጣሁ እኮ! ያለ ጥፋቱ ነው ያሰሩት። ይፈታል ወይስ አይፈታም?»

የእሳቸውም ታናሽ ወንድም ያለ ፍርድ ታስሮ እንደ ከረመ ያኔ ትዝ አለኝ። አፈርኩ።

«ይፈታል፣ ኦቦ ገመቹ» አልኳቸው፤ ድምፄንም ዝቅ አድርጌ ወንድሞቹን አቅፎ እስካለቀሰበት ድረስ ተረኩላቸው። እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ተቆጡ፤ ያውም በእኔ!

«ጉደር ገበያ ድረስ እየሄድክ ለማታውቀው ሰው ስትሰብክ ነበር አሉ። ከእኔ ጋር ስምንት ዓመት አጥር ተጋርተን ኖርን። እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ አንድ ቀን እንኳ አትነግረኝም?»

ወንበር ሳብኩላቸውና፣ «እንግዲያው» አልኩ፣ «ከአዳም እንጀምር።»