ክቡርነታቸውና የወረቀቱ ጆሮ

ሠላሳ ሕጻናትን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስባችሁ በሩን ብትዘጉ፣ ገና ስማቸውን ጠርታችሁ ሳትጨርሱ ከመካከላቸው አንዱ ራሱን የጠቅላላ ጉዳዮች ተቆጣጣሪ አድርጎ ይሾማል። ማንም አልመረጠውም፣ ማንም አልለመነውም። ጉንፋን ይዞት እንኳ ከሥራው አይቀርም። አናውቀውም እንዳትሉኝ፤ አብሯችሁ ተምሯል። መምህሩ ጀርባውን ባዞረ ቁጥር ማስቲካ ያኘከውን፣ ወረቀት የወረወረውን፣ በመስኮት ያፏጨውን አንድ በአንድ የሚይዘው እሱ ነበር። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ማን አርፍዶ እንደገባ እየመዘገበ ይሆናል።

በምናወራለት አንደኛ ክፍል ይህን ሹመት የያዙት ክቡርነታቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ስድስት ዓመት ከአራት ወር ነው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቻቸው ወልቀዋል። ቀኝ እጃቸው ዘወትር ለጥቆማ ወደ ላይ የተሰቀለ ስለሆነ፣ ቁልቁል የሚንሸራተተውን ሱሪያቸውን የሚይዙት በግራቸው ነው። አንድ ፍሬ ልጅ በምን ሒሳብ አንቱ ይባላል ትሉኝ ይሆናል። እስቲ አንድ ሳምንት አብራችሁን ዋሉና ከዚያ በኋላ አንተ በሏቸው፤ እናያለን።

መምህሯ፣ ልጆቹ "ቲቸር" የሚሏት፣ ወጣት ናት። ማስተማር ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ሁለት ልጆች አሏት፤ ድምጿ ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሰኞ ጠዋት መሻከር ይጀምራል። ያን ሰኞ የፊደል ትምህርት ነበር። ጠመኔዋን አንስታ "በ"ን ልትጽፍ ስትል ከኋላዋ ያ የታወቀ ድምፅ መጣ።

"ቲቸር፣ ልንገርሽ?"

"ምን ሆንክ ደግሞ?"

"እኔ ምንም አልሆንኩም። እሱ ላጲሱን በላው።"

ላጲሱ ከአፍ ወጣ፣ ታጠበ፣ ለባለቤቱ ተመለሰ። "በ" እንደገና ተጀመረ። "ቲቸር፣ ልንገርሽ? እሷ ዛሬ ፊቷን አልታጠበችም።" "ቲቸር፣ ልንገርሽ? እሱ በሆዱ እየሳቀብኝ ነው።" በሆዱ የሳቀ ሰው እንዴት እንደሚቀጣ ቲቸር እያሰላሰለች ሳለ አራተኛው ጥቆማ ደረሰ፤ "ቲቸር፣ ልንገርሽ? የጻፍሽው 'በ' ተጣሟል።" ዞር ብላ አየችው፤ እውነትም ተጣሟል። አጠፋችው። አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍ፤ ክቡርነታቸው ለማንም አያዳሉም። አምስተኛው ክስ የቀረበው በራሳቸው ላይ ነበር። "ቲቸር፣ እኔም ትንሽ አውርቻለሁ" አሉና፣ ማንም ሳይልካቸው ግድግዳው ጥግ ሄደው ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። እዚያው ሆነው ደግሞ በትከሻቸው በኩል ስድስተኛውን አሰሙ።

በእረፍት ሰዓት ቲቸር ጎረቤት ክፍል ወደምታስተምረው አንጋፋ ባልደረባዋ ሄዳ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

"እትዬ፣ በቃኝ። ይኼ ልጅ ጨረሰኝ።"

"የትኛው? ተቆጣጣሪው?" አሉ እትዬ፣ ሳቃቸውን እንደ ምንም ይዘው። "ልጄ፣ በየዓመቱ አንድ አይጠፋም። ጆሮ ስጪውና ተገላገዪ።"

"ጆሮዬን እኮ ነው የጨረሰው!"

"የራስሽን ማን አለሽ? የወረቀት ስጪው።"

ዘዴው የእትዬ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት። በማግስቱ ማክሰኞ ቲቸር የሰፌድ ያህል የሚሆን ጆሮ ከካርቶን ቆርጣ፣ ሮዝ ቀለም ቀብታ፣ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ በልጆች ቁመት ልክ ለጠፈችው። ከዚያ አዋጁን አወጀች። ክስ ያለበት ሰው ለጆሮው ይንገር። ለቲቸር የሚነገሩት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ደም፣ ጭስና ትውከት። ክፍሉ በሙሉ እንደ ፊደል ተቀበላት፤ "ደም! ጭስ! ትውከት!" መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ክቡርነታቸው ግን ዝም ብለው የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። ጆሮውን ከታች እስከ ላይ መረመሩት፣ በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"ሌላኛው ጆሮ የታለ?"

"አንዱ ይበቃዋል።"

"የነገርነውን ላንቺ ይነግርሻል?"

እዚህ ላይ ቲቸር ዋሸች። ዓይኗን ሳታሽ፣ "አዎ፣ እናንተ ወደ ቤት ስትሄዱ ሁሉንም ይነግረኛል" አለች። ክቡርነታቸው ጥቂት አሰቡ፣ ሱሪያቸውን ሳብ አደረጉና ሥራቸውን ጀመሩ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የጆሮው ጠርዝ በትንፋሽ ብዛት መርጠብ ጀምሮ ነበር።

ረቡዕ! ረቡዕን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቲቸር መምህር ከሆነች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይዋን ትኩስ እያለ ጠጣች። ልጆቹ ቆርኪ በአሥር በአሥር እየደረደሩ ቆጠሩ፣ ማንም ማንንም አልከሰሰም፣ ቢከስስም የሰማ የለም። "እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ" አለች በመስኮት በኩል። ሐሙስ ባይመጣ ኖሮ ያ ጆሮ እንደ ተአምር ሊቆጠር ምንም አልቀረውም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ባቄላቸውን ለኩ። ባለፈው ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ በላስቲክ ኩባያ ውስጥ እርጥብ ጥጥ አድርጎ፣ አንድ ፍሬ ባቄላ ቀብሮ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ደርድሮ ነበር። የሠላሳ አንዱ ቡቃያ አንገቱን ብቅ አድርጓል። ያልበቀለው አንድ ብቻ ነው፤ የዝምተኛዋ።

ዝምተኛዋ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። አንድ ቃል ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ስትጠራ ቀና ብላ ታያለች እንጂ አቤት አትልም። እናቷ በመጀመሪያው ቀን የቲቸርን ክንድ ጨብጣ ያለቻት ከልቧ አልወጣም። "እህቴ፣ አደራሽን፣ ከሷ ላይ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። እሷ ብትጠፋ እንኳ አትጣራም፤ ቢጠሯትም አትመልስም።" ቲቸርም "አይዞሽ፣ እኔ አለሁ" ብላ አደራውን ተቀብላ ነበር።

ሐሙስ ከእረፍት በኋላ ቲቸር እንደ ልማዷ ራስ ቆጠረች። ሠላሳ አንድ። በፈገግታ እንደገና ቆጠረች። ሠላሳ አንድ። ሦስተኛውን ስትቆጥር ፈገግታው የለም። በመስኮቱ ደፍ ላይ ዓይኗ ሲያርፍ የዝምተኛዋ ኩባያ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እሱን ለማየት ልብ አልነበራትም። ያየችው ውጪውን ነው። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወንበር የጫነ መኪና ገብቶ እያራገፈ ነው። ከበሩ ማዶ መንገዱ አለ፣ መኪናው ይንጋጋል።



"እትዬ፣ ልጆቹን ያዙልኝ!" ብላ ተፈተለከች። እትዬም የራሳቸውን ልጆች አስከትለው መጥተው ሁለቱን ክፍል አንድ ላይ አስቀመጡ። ቲቸር ዘበኛው ጋ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

"አባባ፣ ልጅ ወጥታለች? ትንሽ ልጅ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰች?"

"ኧረ እኔ እንጃ ልጄ! ወንበሩን ሳግዝ... ዞር ያልኩት ለአፍታ ነው እኮ!" አሉ ዘበኛው፣ ያነሱትን ወንበር እንደታቀፉ።

ርዕሰ መምህርቷ ወደ መንገዱ ሮጠች። ዘበኛው በአጥሩ ዙሪያ፣ ቲቸር በመጸዳጃ ቤቱ፣ በደረጃው ሥር፣ በየጥጉ። ስሟን እየጠራች ነበር የምትሮጠው፤ እየጠራችም መልስ እንደማይመጣ ታውቀዋለች። የእናቲቱ ጣቶች ክንዷ ላይ እንዳሉ ይሰማት ጀመር። ምን ብዬ እነግራታለሁ? በየትኛው አፌ? ሃያ ደቂቃ አለፈ።

ዞራ ዞራ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፣ ጠረጴዛ ሥር ለሦስተኛ ጊዜ ልታይ። ልጆቹ እትዬን ከበዋል። ክቡርነታቸው ብቻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ቅር የተሰኘ ሽማግሌ መስለው ተቀምጠዋል። ቲቸር ፊታቸው ተንበረከከች።

"የኔ ጌታ፣ አንተ ሁሉን ታያለህ። እሷን አይተሃታል?"

"ለጆሮው ነግሬዋለሁ" አሉ ክቡርነታቸው።

"ምን... መቼ?"

"እረፍት ላይ። ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ምንም አላለም።"

"ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?"

ክቡርነታቸው ጣታቸውን አውጥተው በትዕግሥት አስረዷት፤ መምህርን ማስረዳት ልማዳቸው ነው። "ደም የለም። ጭስ የለም። ማንም አላስመለሰም። ባቄላዋን ይዛ ውሃ ታንከሩ ጀርባ ነው የሄደችው። ፀሐይ ልታሞቀው።"

ቲቸር እንዴት እንደወጣች አታውቀውም። የውሃ ታንከሩና ግድግዳው መሀል ያለውን ክፍተት ማንም ያላየው፣ ድመት እንጂ ሰው ይገባበታል ብሎ ስላላሰበ ነው። በጎኗ ተሽሎክልካ ገባች። መጨረሻው ላይ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ የፀሐይ ብርሃን ውስጥ፣ ቀይ ሹራብ። ዝምተኛዋ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ ብላለች። ጥላው በገፋት ቁጥር ፀሐዩን እየተከተለች ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ስትገባ ነው እዚያ የደረሰችው።

ቲቸር አፏን ከፍታ ነበር። ልጅቷ ግን ቀደመቻት። "ቀስ በይ" አለች፣ በማንም ጆሮ ገብቶ በማያውቅ ቀጭን ድምፅ። "ተኝቷል። እስኪነሳ እየጠበቅኩት ነው።"

እሰይ! ተመስገን! ቲቸር ኩባያውንም ልጅቷንም አንድ ላይ አቅፋ ወጣች። ዘበኛው ያን ወንበር አሁን ገና መሬት አስቀምጠው ራሳቸው ተቀመጡበት፤ ርዕሰ መምህርቷ "እፎይ" ብላ ጫማዋን አወለቀች። ዝምተኛዋ ቦታዋ ተቀመጠች፣ ኩባያው ደፉ ላይ ተመለሰ፣ እትዬ መዝሙር አስጀመሩ። ቲቸር "መጣሁ" ብላ መጥረጊያና ባልዲ ወደሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው። ስትወጣ ፊቷ ታጥቧል። እትዬ አዩዋት። "አቧራ ነው" አለች። "አዎ፣ እዚያ ክፍል አቧራ አይጠፋም" አሉ እትዬ።

ዓርብ ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ ጆሮው ግድግዳው ላይ የለም። ክቡርነታቸው ደንግጠው ቆሙ።

"ሞተ እንዴ?"

"ጡረታ ወጣ" አለች ቲቸር። "ከዛሬ ጀምሮ የሚነግረኝ ነገር ያለው ወደ እኔ ይምጣ። ደምም ይሁን፣ ላጲስም ይሁን።"

ሰልፉን የያዙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። በእረፍት ሰዓት ቲቸር ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ክቡርነታቸው ደግሞ ጆሮው ሳያደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል ያሉትን ከማክሰኞ ጀምሮ ደገሙላት። ማን ቆርኪ ኪሱ እንደከተተ። ማን የማንን ባቄላ በጣቱ እንደነካ። ማን "አንቺ ጦጣ" እንዳለ፣ ማንን እንዳለ፣ የተባለችውም መልሳ ምን እንዳለች። ሻይዋ አጠገቧ ቀዘቀዘ። አንዱንም አላቋረጠችም።

"ቲቸር፣ ልንገርሽ? የሷ ባቄላ ተነሳ። እኔ ነኝ ቀድሜ ያየሁት፤ እሷ ግን 'እኔ ነኝ' አለችኝ። በአፏ!"

"በአፏ?"

"በአፏ። ጮክ ብላ።"

ቲቸር ሳቀች፤ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ክቡርነታቸው ግን አልሄዱም። ግራና ቀኛቸውን አዩ፣ ጠጋ አሉ፣ ሱሪያቸውን ሳብ አደረጉ።

"አንድ ይቀራል። ልንገርሽ?"

"ንገረኝ።"

"ትናንት መጥረጊያው ክፍል ውስጥ አልቅሰሻል። በቀዳዳው አይቼሻለሁ።"

የቲቸር ሳቅ ቀረ። ወሬው አሁን እናቶች ጋ፣ ርዕሰ መምህርቷ ጋ፣ ሠላሳ አንድ ቤት ደርሶ ይሆናል ብላ አሰበች። "ለማን ነገርክ?"

"ለማንም።"

"ለጆሮውስ?"

ክቡርነታቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአንድ መምህር አልጠበቁም ነበር። "ለሱማ እንዴት እነግረዋለሁ?" አሉ። "እሱ ሁሉንም ይናገራል ብለሻል።"

የቲቸር ዓይን እንባ ሞላ፤ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ጠመኔ ፍለጋ ኪሷን ዳሰሰች፣ አልሆነም። ክቡርነታቸው ሁሉንም አዩ። መቼስ የማያዩት ነገር የለም። ከዚያ አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠግተው፣ ከሁለቱ የወለቁ ጥርሶች መሀል በሚወጣ ሹክሹክታ፣

"ሂጂ ግቢ" አሏት፤ "በሩን እኔ እጠብቅልሻለሁ።"