የማይቆራረጥ ድምፅ ፍለጋ

ግራ መጋባት ያልተማረ ሰው ችግር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ምንም የማያውቅ ሰው ግራ አይጋባም፤ ሱቅ ገብቶ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ «ያንን ስጠኝ» ብሎ ከፍሎ ይወጣል። ግራ የሚጋባው እንደ እኔ ትንሽ ያነበበ፣ ትንሽ የጠየቀ፣ ሁለት ቪዲዮ አይቶ ሦስተኛውን የጀመረ ሰው ነው። እናንተም እኮ ታውቁታላችሁ። ስልክ ልትገዙ ወጥታችሁ ራስ ምታት ይዛችሁ የተመለሳችሁበት ቀን አይጠፋም። ድሮ በየቤታችን አንድ ሬዲዮ ነበር። ያ ሬዲዮ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲሞቀው እንደገና ያወራል፤ አለቀ። አሁን ግን አንድ ዕቃ ለመግዛት ስለ ሌላ ዕቃ ማወቅ፣ ያንን ለማወቅ ደግሞ አገሩን የማላውቀው ሰውዬ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲተነትን ግማሽ ቀን ማዳመጥ ያስፈልጋል።

የእኔ ግራ መጋባት የጀመረው ከአባቴ ጉልበት ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ኤልያስ አካባቢ አቋቋም ሲያስተምሩ ኖረዋል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ አቋቋም ማለት ካህናቱ ማኅሌት ላይ መቋሚያ ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ፣ ጸናጽል እየተንሿሿ እንዴት እንደሚዘምሩና እንደሚያሸበሽቡ የሚማሩበት ትምህርት ነው። ዜማው ረቂቅ ነው፤ ሥርዓቱም ብዙ ነው። የእኔ የልጁ አእምሮ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የያዘው፦ መቆም። አባቴን ሳስታውሳቸው ቆመው ነው። ሲያስተምሩ ቆመው፣ ሲያርሙ ቆመው፣ ሲቆጡም ቆመው። በመጨረሻ ጉልበታቸው በቃኝ አለ። ሐኪሙ ራጁን ካየ በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ብዙ ከቆሙ ጨርሶ መራመድ ያቆማሉ» አለኝ። ስለዚህ ከደብረ ኤልያስ አምጥቼ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት አስቀመጥኋቸው። አስቀመጥኋቸው ስል በእውነት ነው፤ ሶፋ ላይ።

መጀመሪያ ሰሞን ጠያቂው ብዙ ነበር፤ ኋላ ሳሳ። እሑድ ጧት ከማዶው ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ድምፅ ነፋሱ ወዲህ ከነፈሰ ግማሹ ይደርሰናል፣ ወዲያ ከነፈሰ ምንም አንሰማም። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነፋሱን ይጠብቃሉ። ምግብ ቀነሱ። ከዚያ ወሬ ቀነሱ። አባቴን ስለማታውቋቸው ነገሩ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን አባቴ ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

አንድ ቀን ከስልኬ ላይ ማኅሌት ከፈትሁላቸው። ጋደም እንዳሉ ትንሽ አዳመጡና «ከበሮው የት ሄደ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የስልክ ድምፅ ከበሮ አያውቅም፤ ጥ ጥ ብቻ ነው የሚለው። «የትንኝ ማኅሌት ነው፤ ዝጋው» አሉና ወደ መስኮታቸው ዞሩ።

እኛ ቤት ግን ከበሮ የሚያውቅ ዕቃ ነበር። አንድ ካሴት ቤት ሲዘጋ የገዛሁት አምፕሊፋየርና እስከ ደረቴ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች አሉኝ። ካሴት ማጫወቻው ከሞተ ወዲህ ባለቤቴ የሽወርቅ ዳንቴል አልብሳቸው የአበባ ማስቀመጫ አድርጋቸዋለች። እነሱን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝልኝ ነገር ፍለጋ መናኸሪያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ይበልጣል የሚባል ወጣት ዘንድ ሄድሁ። ይበልጣል ተማሪዬ ነበር። ጂኦግራፊ አስተምሬዋለሁ፤ ለሱቁ ምን እንደጠቀመው አላውቅም።

«ስልኬን በብሉቱዝ ባገናኘውስ?» አልሁት።

«ቲቸር፣ ሰው ሲደውልልህ ማኅሌቱ መሃል ጥሪህ ይጮኻል። ደግሞ አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ ስልክህም ይሄዳል። ላንተ የሚሻልህ ስትሪመር ነው።»

ስትሪመር ትንሽ ሳጥን ነው። ዋይፋይ ላይ ተጣብቆ ዜማውን ራሱ ከኢንተርኔት ይስብና በገመድ ለአምፕሊፋየሩ ያቀብላል። ይኼ ገባኝ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ደህና ነበርሁ። «ከደመወዜ ጋር የማያጣላኝ የትኛው ነው?» ብዬ ስልኬ ላይ ስጠይቅ ግን የጎርፍ በር ተከፈተ። አንዱ ገምጋሚ ዋናው ነገር በውስጡ ያለችው ቺፕ ናት ይላል፤ ሌላው ቺፗን እርሷት፣ ዋናው የኤሌክትሪክ መሰኪያው ነው ይላል። ሦስተኛው ሁለቱም ውሸታም ናቸው ይላል። አንዱ ሳጥን «ድምፁ ሞቃት ነው» ተባለ፤ ሌላው «ቀዝቃዛ ግን ሐቀኛ»። ማርቆስ ውስጥ፣ በክረምት፣ የሚሞቅ ነገር ከተገኘ ድምፅም ቢሆን አይናቅም ብዬ ወደ ሞቃቱ አዘነበልሁ። በማግስቱ ያው ሰውዬ ሞቃት ድምፅ ማለት ዝርዝሩ የተዋጠ ማለት ነው ብሎ አፈረሰኝ። በክረምት ትምህርቱ የዕረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ «ኦፕቲካሉ ገመድ ይሻላል ወይስ ቀይና ነጩ?» እያልሁ ስጠይቅ ባልደረቦቼ ቤት እየሠራሁ መስሏቸው ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ያማክሩኝ ጀመር።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ጽጌ እየቀረበ ነው። ጽጌ ማለት በአባቴ ቋንቋ የማኅሌት ወራት ማለት ነው፤ ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት ማኅሌቱ የሚረዝምበት፣ መሪጌታ የሆነ ሰው ሁሉ ቤቱ የማይገኝበት ጊዜ። አባቴ ያንን ሰሞን መስኮት ሥር ተቀምጠው ነፋስ ሲለምኑ ማየት አልፈለግሁም።

ይበልጣል አዘነልኝና ነገሩን ወደ ሁለት ሳጥን አወረደው። አንደኛው ርካሹ ነው፤ ኔትወርክ ካለ ይዘምራል፣ ኔትወርክ ከሌለ ዝም ይላል። ሁለተኛው ትንሽ ወደድ ይላል፤ ግን ሚሞሪ ካርድ ይጎርሳል፣ አንዴ ያወረደውን ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም እስከ መጨረሻው ያንቆረቁረዋል።

«ርካሹን ግዛና እንረፍ» አለች የሽወርቅ።

«አባየ ማኅሌት እየሰሙ መሃል ላይ ይቆረጥባቸው?» ብዬ ተቆጣሁ። የእኛን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ። ሲመጣ ቀስ ብሎ፣ ሲሄድ ሳይሰናበት ነው። የማይቆራረጠውን አዘዝሁ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጫነልኝ፤ ሉማሜ ላይ ሹፌሩ ሻይ ሲጠጣ እኔ ማርቆስ መናኸሪያ ሆኜ ደጋግሜ እየደወልሁ አላስጠጣሁትም።

የጽጌ የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። ዳንቴሉ ተነሣ፣ አበባው ተነሣ፣ ገመዱ ተሰካ። አባቴ ሶፋቸው ላይ ሆነው «ደግሞ ምን ልታስጮኽ ነው?» ይላሉ። ከፈትሁት።

ከበሮው ሲመታ የቡፌው መስተዋት ተንቀጠቀጠ። ድምፁ ሞቃት ይሁን ቀዝቃዛ አላውቅም፤ ያን ሁሉ የሰማሁትን ትንታኔ ረሳሁት። ካህናቱ ሳሎናችን ገብተው የተሰለፉ ነው የመሰለኝ። አባቴ ከጋቢያቸው ቀና አሉ። ከዚያ እጃቸው ጥግ ላይ ወደተደገፈችው መቋሚያ ተዘረጋ። ሽንት ቤት ሊሄዱ መስሎኝ ልደግፋቸው ብነሣ «ተወኝ» አሉኝና ራሳቸው ቆሙ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ወዘወዝ፣ ወዘወዝ ማለት ጀመሩ። የሽወርቅ ድምፁን ሰምታ ከማድቤት ወጣች፤ አማቷ ቆመው ስታይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። አባቱ ቆሞ የሚቀመጥ ልጅ ደግሞ ጎጃም ውስጥ አልተወለደም፤ እኔም ቆምሁ። ከዚያ በኋላ ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ቢኖር ሶፋው ብቻ ነው።

አልዋሻችሁም፤ አለቀስሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ከስፒከሩ ጋር እኩል ያዜማሉ፤ አንዱ ዘማሪ ሲቸኩል «ቀስ በል አንተ!» ብለው ይገሥጹታል። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ዓይኔ ወደ ታች ሲወርድ ጉልበታቸው ከጋቢው ሥር ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ሐኪሙ ያለኝም ትዝ አለኝ።

«አባየ፣ ቁጭ ብለው ያዳምጡ እንጂ» አልኋቸው።

«እነሱ ቆመው?»

«እነሱ እኮ ቅጂ ናቸው። የተቀዳው አምና ነው። አሁን ቤታቸው ተኝተው ይሆናል።»

«ሲቀዳ ተቀምጠው ነበር?»

«ኧረ ቆመው ነው።»

«እንዲያ በለኛ!»

የሽወርቅ በበኩሏ «አባየ፣ ለታመመ ሰውኮ መቀመጥ ይፈቀዳል» ብላ ሞከረች። «ይፈቀዳል» አሉ አባቴ። «ማን ታመመ?»

ለካ ስልኩን ጋደም ብለው የሰሙት የትንኝ ስለነበር ነው። ይኼኛው እውነተኛ ነው፤ እውነተኛ ማኅሌት ተቀምጠው አይሰሙም። ያ የማይቆራረጥ ሳጥን ደግሞ አልቆራረጥ አለ። እንደተነገረለት እስከ መጨረሻው አንቆረቆረው።

ሰኞ ጉልበታቸው አብጦ ዋለ። ቅባት እየቀባኋቸው ሳለ ግን ምሳቸውን ጨርሰው ጭማሪ ጠየቁ፤ ደብረ ኤልያስ ስለነበረ አንድ ሰነፍ ተማሪያቸው አውርተው አውርተው አሳቁን። አሁን እናንተ ፍረዱ። ሳጥኑን ብዘጋው አባቴ ወደ መስኮቱ ይመለሳሉ፤ ብከፍተው እግራቸውን ያጣሉ። ክረምቱን ሙሉ ስንት ግምገማ ሳይ «ይህ መሣሪያ አድማጩን ያስነሣል» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። እየከፈትሁ መሃል ላይ እንዳልዘጋው ደግሞ የካህን ዜማ አፉ ላይ መቁረጥ ነው፤ አባቴ ሌላው ቢቀር በዚያ ይቀየሙኛል።

ወደ ይበልጣል ሄድሁ። «ቲቸር፣ ድምፁ አነሰ?» አለኝ። «በዛ» አልሁት። «ያ የሚቆራረጠው ርካሹ ሳጥን አለ?» ስለው ደህና መሆኔን ለማረጋገጥ ፊቴን አተኩሮ አየኝና «ሰው ስለጠላው መልሼ ላክሁት» አለኝ። የሚቆራረጥ ዕቃ ፈልጎ የመጣ ደንበኛ አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

ቤት ተመልሼ ይህን ለየሽወርቅ ስነግራት፣ ከሳጥኑ ጀርባ ሚሞሪ ካርዱን ነቅላ አወጣችና የስኳር ዕቃው ውስጥ ከተተችው። «በል፣ ይኸው ርካሹ» አለችኝ።

በሁለተኛው እሑድ አባቴ እንደ ተለመደው ቆሙ። ጥቂት እንደ ዘመሩ ድምፁ ተቋረጠ። «ምን ሆነ?» አሉ። «ኔትወርክ ነው አባየ» አልሁ። «ኤዲያ!» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውንም ዘረጉ። አያችሁ፣ ልጅ ቢያጠፋው ድፍረት ነው፤ ኔትወርክ ቢያጠፋው ኔትወርክ ነው፤ ማን ይቀየመዋል? ሲመለስ ተነሡ፣ ሲጠፋ ተቀመጡ። ሰኞ ጉልበታቸው ደህና ነበር። ስረግመው የኖርሁትን ኔትወርክ በዚያ ቀን ከልቤ መረቅሁት።

ምርቃቱ ሳይጠቅመው አልቀረም። በሦስተኛው እሑድ ኔትወርኩ ተአምር ሆኖ አልጠፋም አለ። ስንፈልገው የሚጠፋ፣ እንዲጠፋ ስንፈልግ የሚመጣ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ለሚያውቅ ትቼዋለሁ። ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማድቤት ገባሁ። የዋይፋዩ ዕቃ ፍሪጁ ላይ ነው። ሶኬቱን ነቀልሁት። ሳጥኑ የያዘውን አንድ ሁለት ቃል ጨረሰና ዝም አለ።

«ተቋረጠ እንዴ?» አሉ ከሳሎን።

«ተቋረጠ አባየ።»

ተቀመጡ። የሽወርቅ ድንች ልጣ እስክትጨርስ ጠብቄ መልሼ ሰካሁት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ያን ያህል ለፍቼ የማይቆራረጥ ድምፅ ገዝቼ፣ ማድቤት ቆሜ የምቆራርጠው እኔ ነኝ።

ጽጌ ሊወጣ ሲል፣ በመጨረሻው እሑድ፣ አንድ ባልደረባዬ ስለ ፈተና ሊያወራኝ መጥቶ በር ላይ ያዘኝ። ወሬው ወሬ ወለደ። ማኅሌቱ ከውስጥ ይሰማኛል፣ ግን ልብ አላልሁትም። ትዝ ሲለኝ ባልደረባዬን እንደ ቆመ ትቼው ወደ ውስጥ ሮጥሁ። አባቴ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ቆመዋል። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጥቷል። ማዜሙን ትተዋል። ፊታቸው ወደ ስፒከሮቹ አይደለም፤ ወደ ማድቤቱ በር ነው።

«አንተ» አሉኝ ዞር ብለው፤ «ዛሬ ኔትወርኩ ምነው ዘገየሳ?»

ማድቤት ገብቼ ነቀልሁት።