ክቡር የመድኃኒት ወረቀት አንባቢ

ሐኪም የሌለበት ሰፈር ሞልቷል፤ የመድኃኒት ወረቀት አንባቢ የሌለበት ሰፈር ግን የለም። ሌላው ሰው ኪኒኑን ውጦ ወረቀቱን ይጥላል፤ አንባቢው ኪኒኑን ትቶ ወረቀቱን ይውጣል። የቦንጋው አንባቢ ክቡር ጋሽ ፈለቀ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ።

ጎረቤታቸው ማር ሻጯ ዙፋን ፍዳዋን ታያለች። ለራስ ምታት ኪኒን ልትውጥ ውሃ ስታነሳ፣ በአጥር በኩል "ቆዪ! ወረቀቱ ምን ይላል?" ይላሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንግሊዝኛውን እንደ ፍርድ ውሳኔ ያነቡታል። ብስክሌት እንኳ ነድታ የማታውቀዋን ሌላዋን ጎረቤታቸውን ታንጉትን፣ የጉንፋን ኪኒን ስለዋጠች መኪና እንዳትነዳ በጥብቅ አስጠንቅቀዋታል።

በሚሊኒየሙ ዓመት ዙፋን የደም ግፊት ተገኘባትና የሚያሸና ኪኒን ታዘዘላት። ከጥቂት ወራት በኋላ ውሃ ጥም ያቃጥላት፣ ሽንት ያመላልሳት፣ ቀሚሷም ይሰፋት ጀመር።

"የሚያሸና እየዋጥኩ ባልሸና ነበር የሚገርመው" አለች።

ጋሽ ፈለቀ ግን ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብበው በሯ ላይ ቆሙ። "የደም ስኳር ከፍ ሊያደርግ ይችላል ይላል። ሄደሽ ተለኪ።"

"በማርያም ይተዉኝ! ማር ሻጯ ስኳር አለባት ከተባለ ማን ይገዛኛል? ይልቅ ኪኒኑን አቆመዋለሁ።"

"ሐኪም ሳያማክሩ ማቆም ክልክል ነው ይላል።"

እሳቸው ተዋት ቢባሉ የሚተዉ ሰው አይደሉም። በገበያ ቀን በርጩማቸውን ይዘው ከማሯ ጎን ተቀመጡ። ከማንኪራ የመጣውን ነጭ ማር ሊቀምስ ሰው ጎንበስ ባለ ቁጥር "ዙፋን፣ ተለኪ!" ይላሉ። ቀማሹም ጣቱን እንደ ዘረጋ ይቀራል። ዙፋን በንዴት ጨሰች፤ በማግስቱ እሳቸውን ለመገላገል ስትል ብቻ ሆስፒታል ሄደች።

ስኳሯ ጣሪያ ነክቶ ተገኘ። ሐኪሙ የግፊቱን ኪኒን ቀየረላት፤ የስኳር ኪኒንም ጨመረላት። "ትንሽ ብትቆዪ ራስሽን ስተሽ በሰው ሸክም ነበር የምትመጪው" አላት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ጋሽ ፈለቀ በሯ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። አሁን "አላልኩሽም?" ሊሉኝ ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች። የሆነውን ስትነግራቸው ግን "ተመስገን" ብቻ አሉ፤ መነጽራቸውንም አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ዙፋን እኚህን ነዝናዛ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያን ጊዜ ገባት።

ከቦርሳዋ አዲሱን የኪኒን ካርቶን አውጥታ ሰጠቻቸው።

"ገና አልዋጥኩትም" አለች። "መነጽርዎን ያድርጉ እስቲ። ወረቀቱ ምን ይላል?"